ኤማ ስሚዝ መንገድ ላይ አልሞተችም

ይድረስ ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

ባለፈው ሳምንት ማንነቱ ሳይታወቅ ስለቀረው ነፍሰ ገዳይ፣ ስለ ጃክ ዘ ሪፐር ያወጣችሁትን ረጅም ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሁለተኛውን እርሳስ ይዤ ነው። በ1888 ለንደን፣ ኋይትቻፕል ውስጥ የተገደሉትን ሴቶች የገደላቸው አንድ ሰው ሳይሆን የአካባቢው የወንበዴ አለቆች ናቸው ይላል። ከጀርባ ደግሞ የአልቤርጎ ባለቤቶች አሉበት ይላል። አጻጻፉ ይስባል። ጸሐፊው እንደለፋበትም ያስታውቃል። ግን ገና ሦስተኛው አንቀጽ ላይ እርሳሴ ቆመ። የመጀመሪያዋ ሟች ኤማ ስሚዝ መንገድ ላይ ሞታ እንደተገኘች ተጽፏል።

ኤማ ስሚዝ መንገድ ላይ አልሞተችም። በእግሯ ሄዳ ቤቷ ገብታለች። ይህችን አንዲት ስህተት ላርም ብዬ ነው ብዕር ያነሳሁት። ስጽፍ ግን የጽሑፉ ሐሳብ በሙሉ የተንጠለጠለው እዚችው ስህተት ላይ ሆኖ አገኘሁት። (ቀኑን እንደ ፈረንጆቹ፣ ሰዓቱን እንደኛ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

እኔ የታሪክ ሰው አይደለሁም። እዚሁ ለንደን፣ ኦልድጌት አካባቢ ቢሮ አጸዳለሁ። አሥራ አራት ዓመት ሆነኝ። ፈረቃዬ የሌሊት ነው፤ የምወጣው 10 ሰዓት ላይ ነው። ከዚያ በኋይትቻፕል ሃይ ስትሪት ወደ አውቶብስ ፌርማታ እሄዳለሁ። የኦዝቦርን ስትሪት መታጠፊያ በስተግራዬ ይቀራል። ኤማ የተደበደበችው እዚያ መንገድ ጫፍ፣ ብሪክ ሌን ሲጀምር ነው። ብዙ ዓመት ሳላውቅ አልፌዋለሁ። አንድ ምሽት ወደ ሥራ ስገባ አስጎብኚ ለቱሪስቶች ሲያወራ ሰማሁ። ከዚያ ወዲህ የእረፍት ቀኔን በዚህ ነው የማሳልፈው። የአሟሟት ምርመራ ችሎቱን ቃል፣ የፖሊስ ሪፖርቶቹን፣ የዘመኑን ጋዜጦች ያገኘሁትን ሁሉ አነባለሁ።

ኤማ የ45 ዓመት ሴት ነበረች። የምታድረው 18 ጆርጅ ስትሪት በሚገኝ አልቤርጎ ነው። ከፋሲካ በኋላ ባለው ሰኞ፣ ለማክሰኞ ኤፕሪል 3 አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ተኩል ገደማ ወደ ቤቷ ስትመለስ ወንዶች ሲመጡ አየች። እንዳይደርሱባት መንገድ ተሻገረች። ተከተሏት። ኦዝቦርን ስትሪት ላይ ያዟት። ደበደቧት፣ የነበራትን ሳንቲም ወሰዱባት፣ ከዚያ በደነዘዘ ዕቃ ገላዋን ውስጥ ድረስ ጎዱት። ጥለዋት ሄዱ።

ከዚያ እስከ ጆርጅ ስትሪት ሦስት መቶ ሜትር ያህል ነው። ሻርፗን እግሮቿ መሀል አድርጋ ደሙን እየያዘች ሄደች። ቤት ስትደርስ 10 ሰዓት አልፏል። ሦስት መቶ ሜትር ለመሄድ ሁለት ሰዓት ተኩል ማለት ነው። የአልቤርጎው ኃላፊ ሜሪ ራስል ሆስፒታል ልውሰድሽ አለቻት። ኤማ አልፈለገችም። በስንት ልመና ተነሣች። ወደ ለንደን ሆስፒታል ሲሄዱ በዚያው በኦዝቦርን ስትሪት አለፉ። ኤማ ቦታውን በእጇ አሳየች፤ ካካዎ ፋብሪካው አጠገብ። ሦስት ናቸው፣ አንዱ ገና 19 ዓመት ቢሆነው ነው አለች። በማግስቱ፣ ኤፕሪል 4 ቀን፣ ሆድ ዕቃዋ ተመርዞ ሞተች። ፖሊስ የሰማው ኤፕሪል 6 ቀን ነው። እሱም ከኮሮነሩ፣ ማለትም ከአሟሟት መርማሪው ሹም፣ ቢሮ ነው የሰማው።

ይህን ሳነብ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ናት የመጣችብኝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ሊነጋጋ ሲል ፌርማታው አጠገብ ሦስት ልጆች ቦርሳዋን ነጠቋት። ሲገፈትሯት በእጇ ወደቀች። አንጓዋ ወዲያው አበጠ። ሆስፒታል እንሂድ ስላት እምቢ አለች። «ነገ ፈረቃ አለኝ» አለች። ሻርፗን አወለቀችና እጇን ጠቀለለችው፤ ጠበቅ አድርጋ፣ በጥርሷ ቋጠረችው። በግድ ነው የወሰድኳት። መንገድ ላይ ደጋግማ የምትለው አንድ ነገር ነበር። «አንደኛው ልጅ ነው እኮ፤ ፊቱ የልጅ ነው»። ከዚያ ወዲህ ኤማን ሳስብ የማያት በባልደረባዬ ፊት ነው።

እንግዲህ ኤማን የገደሏት ዱርዬዎች ናቸው፣ በቡድን ነው የመጡት። በዚህ ከጸሐፊው ጋር እንስማማለን። ራሷ ተናግራለችና ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም። ችግሩ የሚጀምረው ጸሐፊው የእሷን ገዳዮች ይዞ ወደ ሌሎቹ ሴቶች ሲሄድ ነው።

የዱርዬዎቹን ሥራ ተመልከቱ። በርከት ብለው ይመጣሉ። ዋና መንገድ አጠገብ ይይዛሉ። ይደበድባሉ፣ ይዘርፋሉ፣ ሴትየዋን በሕይወት ትተዋት ይሄዳሉ። አሁን ኦገስት 31 ቀን ባክስ ሮው በሚባል መንገድ የተገደለችውን ሜሪ አን ኒኮልስን ተመልከቱ። ጉሮሮዋ ተቆርጧል፣ ሆዷ ተቀዷል። ከግድግዳው ወዲያ የተኙ ሰዎች አንዳች አልሰሙም። ሴፕቴምበር 8 ቀን አኒ ቻፕማን የተገደለችው 29 ሃንበሪ ስትሪት፣ ጓሮ ውስጥ ነው። እዚያ ቤት አሥራ ሰባት ሰው ይኖር ነበር። ከአጥር ወዲያ የነበረ አንድ ጎረቤት «አይ» የሚል ድምፅና አጥሩን የሚገጭ ነገር ሰማ፤ በቃ። ጓሮው ጠባብ ነው፤ መግቢያና መውጫው በቤቱ ኮሪደር ነው። ሦስት አራት ሰው ገብቶ፣ ይህን ሠርቶ፣ ኮሪደሩን ሳያንኳኳ የሚወጣበት መንገድ አይታየኝም። አንድ ሰው ግን ይወጣል።

ጸሐፊው መልስ አለው። ግድያው መቀጣጫ ነበር ይላል። ለአለቆቹ የማትከፍል ሴት ምን እንደሚደርስባት ለማሳየት ነው ይላል። እዚህ ላይ ብዙ አሰብኩ። መቀጣጫ ከሆነ የሚፈሩት ሰዎች ላኪውን ማወቅ አለባቸው። «ለእገሌ አልከፈለችም፣ ይኸው» መባል አለበት። በዚያ ዓመት መከር ግን ኋይትቻፕል ውስጥ ሰው የማይወራውን አወራ እንጂ ይህን ማንም አላለም። ሐኪም ነው ተባለ፣ ሥጋ ቆራጭ ነው ተባለ፣ መርከበኛ ነው ተባለ። አለቆቹስ ምን አገኙበት? ፖሊስ ሠፈሩን አጥለቀለቀው። ሴፕቴምበር 10 ቀን ነዋሪው ራሱ ጆርጅ ለስክ በሚባል ሰው መሪነት የጥበቃ ኮሚቴ አቋቁሞ ሌሊት መዞር ጀመረ። ኦክቶበር ላይ ፖሊስ ቤት ለቤት ፈተሸ። በየአልቤርጎው ያደሩ ከ2,000 በላይ ሰዎችን ጠየቀ፤ 80,000 ያህል ወረቀት በተነ። በሕገ ወጥ ገቢ የሚኖር ሰው ይህን ሁሉ በራሱ ደጃፍ አይጠራም።

ሰው ፈርቶ ነው ዝም ያለው የሚለውም አያስኬድም። ሴቶቹ ዝም አላሉም። ኒኮልስ በሞተች ሰሞን ገንዘብ እያስፈራራ የሚቀማን ሰው በቅጽል ስሙ፣ «ሌዘር ኤፕረን» ብለው ለፖሊስ ተናግረዋል። በዚያ ጥቆማ ጆን ፓይዘር የሚባል ጫማ ሠሪ ተያዘ። በግድያዎቹ ሌሊት ሌላ ቦታ እንደነበር ስለተረጋገጠ ነፃ ወጣ። ጥቆማው ሰውየውን ስቶ ይሆናል። ግን የሚቀማቸውን ሰው መጠቆም አልፈሩም። የወንበዴ ቡድን ሐሳብም አዲስ ግኝት አይደለም። በሴፕቴምበር የመጀመሪያ ቀናት የለንደን ጋዜጦች ራሳቸው ጽፈውታል። ከሊቨርፑሉ «ሃይ ሪፕ» ቡድን ጋርም አያይዘውታል። ቻፕማን ከተገደለች በኋላ ነው ወሬው የቀዘቀዘው፤ ነገሩ የዘረፋ መልክ አልነበረውምና።

ገንዘቡን ላስላው፤ በዚህ ጉዳይ ላይ የማይዋሸኝ እሱ ነውና። በሠፈሩ አንድ አልጋ ለአንድ ሌሊት 4 ፔንስ ነበር። የሲቲ ኦፍ ለንደን አስተዳደር ከሴፕቴምበር 30 ግድያዎች በኋላ ለጠቆመ 500 ፓውንድ ወሮታ አቀረበ። አንድ ፓውንድ ያኔ 240 ፔንስ ነው። ስለዚህ 500 ፓውንድ 120,000 ፔንስ ነው። ይህም 30,000 አዳር ነው። ሰማንያ ሁለት ዓመት በየሌሊቱ አልጋ ማለት ነው። ሴራው የጸሐፊውን ያህል ሰፊ ከነበረ የሚያውቁት ሰዎች ብዙ ናቸው። ደብዳቢው ያውቃል፣ ጠባቂው ያውቃል፣ የአልቤርጎው ኃላፊ ያውቃል፣ የአንዱ ሚስት ታውቃለች። ለአራት ፔንስ ሌሊቱን ሙሉ መንገድ ላይ የሚንከራተት ሰው በሞላበት ሠፈር ከእነዚህ አንዱ እንኳ አልመጣም።

ኖቬምበር 10 ቀን ደግሞ ከዚህ የባሰ ነገር መጣ። ሜሪ ጄን ኬሊ በተገደለች ማግስት መንግሥት በገዛ እጁ ያልገደለ ተባባሪ ካለ፣ መጥቶ ገዳዩን ቢጠቁም ምሕረት ይደረግለታል ብሎ አወጀ። ያ አዋጅ ልክ ለጸሐፊው ቡድን የተጻፈ ነው ማለት ይቻላል። ማንም አልመጣም። በዚያው ቀን ሐኪሙ ቶማስ ቦንድ ለፖሊስ ባቀረበው ሪፖርት አምስቱን ሴቶች፣ ኒኮልስን፣ ቻፕማንን፣ ስትራይድን፣ ኤዶውስንና ኬሊን፣ የገደለው አንድ እጅ ነው አለ። ተባባሪ ለመኖሩም ማስረጃ የለም ብሎ ጻፈ። ጽሑፋችሁ ቦንድን ሁለት ጊዜ ይጠቅሳል። ይህቺን ዓረፍተ ነገር ግን ዘሏታል። ይህ አሳዝኖኛል።

የጸሐፊው ትልቁ ካርድ እስራኤል ሽዋርትዝ ነው። አከብረዋለሁ፤ ከባድ ካርድ ነው። ሽዋርትዝ ሴፕቴምበር 30 አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ከ45 ላይ፣ በርነር ስትሪት አንድ ሰው ሴት ሲገፈትር አየ። ፊት ለፊት ሌላ ሰው ቆሞ ፒፓ ይለኩሳል። ሽዋርትዝ ፈርቶ ሮጠ። ከሩብ ሰዓት በኋላ ኤልዛቤት ስትራይድ እዚያው ግቢ ውስጥ ሞታ ተገኘች። ሁለት ሰው አለ፣ ስለዚህ ቡድን ነው ይላል ጽሑፉ። ሽዋርትዝ ግን ፖሊስ አጥብቆ ሲጠይቀው ሁለቱ አብረው ይሁኑ አይሁኑ መናገር አልቻለም። ምስክሩ ያላለውን እኛ ልናስብለት አይገባም።

ያን ሌሊት ደግሞ ሁለተኛ ሴት ተገድላለች፤ ካትሪን ኤዶውስ፣ ማይተር ስኩዌር ላይ። ኮንስታብል ዋትኪንስ በ7 ሰዓት ተኩል አደባባዩን አልፏል፤ ምንም አልነበረም። በ7 ሰዓት ከ44 ተመልሶ ሲመጣ አገኛት። ጸሐፊው ሁለት ግድያ፣ ሁለት ቡድን ይላል። በርነር ስትሪት ዛሬ ስሙ ሄንሪኬስ ስትሪት ነው። አንድ ሌሊት ከሥራ በፊት ከዚያ ተነሥቼ እስከ ማይተር ስኩዌር በእግሬ ሄድኩ። ሳልቸኩል አሥራ ሦስት ደቂቃ ፈጀብኝ፤ እኔ ደግሞ ጉልበቴን ያመኛል። የስትራይድ አስከሬን የተገኘው በ7 ሰዓት ነው። አንድ ሰው በቂ ጊዜ ነበረው። ከዚያ የኤዶውስ ሽርጥ ቁራጭ፣ ደም እንደነካው፣ ጎልስተን ስትሪት አንድ ደጃፍ ላይ ተገኘ። ያ መንገድ ወደ አልቤርጎዎቹ የሚመልስ ነው። እጁን ጠርጎ ወደ ሠፈሩ የሚመለስ አንድ ሰው ይታየኛል። ጸሐፊው «ገዳዩ የሠፈሩ ሰው ነው» ሲል ትክክል የሆነው እዚህ ላይ ነው።

ስለ ኤዶውስ አንድ ነገር ሳልጽፍ አላልፍም። ፖሊስ በኪሷና በላይዋ የተገኘውን ሁሉ መዝግቧል። ረጅም ዝርዝር ነው። ሻይና ስኳር የያዙ ቆርቆሮዎች፣ አንድ ቀይ ጓንት፣ አሥራ ሁለት ቁራጭ ነጭ ጨርቅ። አንዲት የሰናፍጭ ቆርቆሮም አለች። ውስጧ ሁለት የመያዣ ደረሰኝ ነበር። አንደኛው አብሯት የሚኖረው ሰው ጫማ ነው፤ በ2 ሺሊንግ ከ6 ፔንስ ተይዟል። ቁርስ ገዝተውበታል። ጸሐፊው ኤዶውስ የአለቆቹን ምስጢር ስለምታውቅ ተገደለች ይላል። ምስጢር የምትሸጥ ሴት የባሏን ጫማ አታስይዝም ነበር።

ወደ ዶርሴት ስትሪት ልምጣ፤ የጽሑፉ ልብ እዚያ ነውና። ኬሊ የተከራየችው ሚለርስ ኮርት ቁጥር 13 የጆን ማካርቲ ነበር። ሱቁ ዶርሴት ስትሪት 27 ቁጥር ነው። ቻፕማን የምታድርበት አልቤርጎ እዚያው መንገድ 35 ቁጥር ነው፤ የክሮሲንግሃም ነው። የኬሊ ኪራይ በሳምንት 4 ሺሊንግ ተኩል ሆኖ ሳለ 29 ሺሊንግ ዕዳ ነበረባት። ከስድስት ሳምንት በላይ ማለት ነው። ጸሐፊው አከራይ ይህን ያህል የሚታገሠው ተከራይዋ ስለምትሠራለት ነው ይላል። ጥያቄው ጥሩ ነው፤ እኔም ጠይቄዋለሁ። ግን ቀጥሎ ያለው አይገናኝም። ያ ሁሉ ዕዳ ያለባትን ሴት የገደለ ሰው 29 ሺሊንጉን አብሮ ነው የቀበረው። ኖቬምበር 9 ቀን ጠዋት ማካርቲ ሠራተኛውን ቶማስ ቦውየርን ኪራይ ጠይቅ ብሎ ላከው። ቦውየር አንኳኳ፣ መልስ አጣ፣ በተሰበረው መስኮት እጁን አስገብቶ መጋረጃውን ገለጥ አደረገ። ያየውን አይቶ ተመለሰ። ማካርቲ ራሱ ሄዶ አየና ጉዳዩን ለፖሊስ አደረሱ። በዚህ ውስጥ የአከራይ ስስት ሊታይ ይችላል። ነፍስ ማጥፋት አይታይም። ሰውየው ሞቷል፤ ራሱን መከላከል አይችልም። ያለማስረጃ ገዳይ ብሎ ስሙን በጋዜጣ ማውጣት ነውር ነው።

እንግዲህ የአልቤርጎ ባለቤቶቹ ንጹሕ ናቸው ወይ? አይደሉም፤ እዚህ ላይ ጸሐፊው ማተኮር ነበረበት። ፖሊስ በዚያው ኦክቶበር በቆጠረው መሠረት ኋይትቻፕል ውስጥ 233 አልቤርጎዎች ነበሩ፤ 8,530 ሰው ያድርባቸዋል። ገንዘቡ በጥቂት ባለቤቶች እጅ ነው የሚገባው። ሕጋቸው አንድ ነው፤ አራት ፔንስ ከሌለህ ውጣ። ኒኮልስ የሞተችበት ሌሊት ከአልቤርጎዋ ወጥታለች፤ አራት ፔንስ አልነበራትም። አልጋዬን አቆዩልኝ ብላ ኮፍያዬን እዩት፣ አዲስ ነው፣ አሁን አገኛለሁ ብላ ሄደች። ከስምንት ቀን በኋላ ቻፕማንም እንዲሁ። ታማ ነበር፤ ገና በቅርቡ ሆስፒታል ደርሳ መመለሷ ነው። ኃላፊው ወጣ በይ አላት። አልጋውን ለሌላ ሰው እንዳትሰጡ ብላ ወጣች። ጊዜው ወደ 8 ሰዓት ተጠግቷል። እዚያ በር ላይ የቆመውን ኃላፊ፣ የእሱንም አሠሪ፣ ክሰሱልኝ። ስም ጥሩ፣ ገጽ ሙሉ ጻፉ። ሙሉ ማስረጃ አለላችሁ፤ ራሳቸው ችሎት ቆመው የተናገሩት ነው።

ስለ ደብዳቤው ባጭሩ። ሴፕቴምበር 27 ቀን ለአንድ የዜና ወኪል የደረሰው፣ «ጃክ ዘ ሪፐር» የሚል ፊርማ ያለበት የመጀመሪያው ደብዳቤ «ውድ አለቃ» ብሎ ይጀምራል። ጽሑፋችሁ «አለቃ» የሚለው ቃል የወንበዴ አለቃን ይጠቁማል ይላል። ደብዳቤው የተላከው ለዜና ወኪሉ ነው። አለቃ የተባለው የዚያ ቢሮ ኃላፊ ነው። የፖሊስ ሹሞቹም ኋላ ጋዜጠኛ የጻፈው ነው ብለዋል። ይህን ነጥብ ቢያወጡት ጽሑፉ ይሻላል።

ተመልሼ ወደ ኤማ እመጣለሁ። እሷን የአንድ ትልቅ ሴራ መጀመሪያ አድርጎ ማቅረብ የሚጎዳው እሷኑ ነው። የተናገረችው ግልጽ ነው፤ ሦስት ሰዎች፣ አንዱ ልጅ፣ ካካዎ ፋብሪካው አጠገብ። ያ ሁሉ በአምስቱ ሴቶች ዝና ስር ተቀብሯል። አስጎብኚዎቹ እንኳ «ምናልባት የሪፐር የመጀመሪያ» ብለው አንድ ደቂቃ ይሰጧትና ወደ ሃንበሪ ስትሪት ያልፋሉ። ገዳዮቿ ሦስት ተራ ሌቦች ናቸው። ለሳንቲም ብለው ነው። ማንም አልተያዘም። ችሎቱ ባልታወቁ ሰዎች የተፈጸመ ግድያ ብሎ ዘጋው። እኔ በየሌሊቱ የማልፍበት መንገድ ላይ የሆነው ይህ ነው፤ ለብቻው ቢጻፍ ገጽ ይሞላል።

ስለዚህ ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። አንደኛ፣ ኤማ ስሚዝ ሆስፒታል ውስጥ፣ ተናግራ፣ በማግስቱ እንደሞተች እርማት ይውጣ። ሁለተኛ፣ በፎቶው ስር ማካርቲን «ዋነኛው ተጠርጣሪ» የሚለው ይነሣ። የጊዜው ፖሊስ እንደዚያ ብሎ አያውቅም። እርማቱ ጽሑፉ በወጣበት ገጽ ላይ፣ በሚነበብ ፊደል ቢሆን ደስ ይለኛል። ጋዜጣችሁን ዘወትር ሐሙስ ከሥራ ስወጣ ነው የማነበው፤ አውቶብሱ እስኪመጣ።

ከአክብሮት ጋር
የዘወትር አንባቢያችሁ
ከምሥራቅ ለንደን